ሙሉ የቢትኮይን ኖድ በትንሽ ዲስክ፦ ሁሉን አረጋግጦ አሮጌውን መጣል

የቢትኮይን ኖድ፣ ማለትም የቢትኮይንን መዝገብ ራሱ ተቀብሎ የሚፈትሽ ፕሮግራም፣ ለማስነሳት ስቀመጥ ላፕቶፔ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ 60 ጊጋባይት ነበር። የቢትኮይን ሙሉ መዝገብ ደግሞ ከ600 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በየቀኑም ይጨምራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ይተወዋል። «ትልቅ ዲስክ ስገዛ እሠራዋለሁ» ይልና የሌላ ሰው ሰርቨር የነገረውን አምኖ ይቀጥላል።

መተው አያስፈልግም። መዝገቡን ማረጋገጥና መዝገቡን ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከ2009 ጀምሮ ያለውን እያንዳንዱን ብሎክ (በአንድ ላይ የተመዘገቡ ግብይቶች ጥቅል) በራሳችሁ ኮምፒውተር አረጋግጣችሁ፣ ካረጋገጣችሁ በኋላ አብዛኛውን መጣል ትችላላችሁ። ይህ አሠራር ፕሩኒንግ ይባላል።

የምንጠቀመው ቢትኮይን ኮር የሚባለውን የኖድ ፕሮግራም ነው። ሁለት ነገር ልበል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የትእዛዞችንና የማስተካከያዎችን ስም ደግሞ እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ ስትጽፉ ግን በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ነው።

## ምን ይቀመጣል፣ ምን ይጣላል

የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተርን አስቡ። ሰው ሲወስድ ይጻፋል፣ ሲከፍል መስመሩ ይሰረዛል። ባለሱቁ ዛሬ ማን ምን እንዳለበት ለማወቅ የአሥር ዓመት ደብተር መደርደር አይጠበቅበትም። ያልተሰረዙትን መስመሮች ወደ አዲስ ደብተር ገልብጦ አሮጌውን ሊጥል ይችላል። የግድ የሚሆነው አንድ ነገር ነው፤ ሲገለብጥ አለመሳሳቱ።

ቢትኮይንም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ገንዘብ ሲልክ ከዚህ በፊት የተቀበለውን ያጠፋል፤ በምትኩ ለተቀባዩ አዲስ መስመር ይከፈታል። ገና ያልወጡት መስመሮች ስብስብ «ዩቲኤክስኦ» ይባላል። አዲስ ግብይት ሲመጣ ኖዱ የሚጠይቀው «ይህ ገንዘብ ያልተሰረዙት ውስጥ አለ ወይ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ የ2012 ብሎክ ዲስካችሁ ላይ መኖሩ አያስፈልግም።

የቢትኮይን ኮርን የዳታ ፎልደር ብትከፍቱ ዋናዎቹን ሁለት ፎልደሮች ታያላችሁ። «ብሎክስ» የሚባለው ጥሬ መዝገቡ ነው። እስከ 128 ሜጋባይት በሚደርሱ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ ጋር የመመለሻ ፋይል አለ፤ የብሎኮቹ ሰንሰለት መጨረሻ አካባቢ አቅጣጫ ቢቀይር የተደረገውን ወደኋላ ለመመለስ ነው። ሁለተኛው «ቼይንስቴት» ነው። ያልተሰረዙት መስመሮች ያሉት እዚህ ነው፤ መጠኑ ከ10 ጊጋባይት ትንሽ ከፍ ይላል። ፕሩን የሚያደርገው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ፈጽሞ አይነካም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ ናካሞቶ በ2008 ባወጣው ጽሑፍ ሰባተኛው ክፍል የዲስክ ቦታን ስለ ማስመለስ ነው። እዚያ ላይ አንድ ስሌት አለ፦ የአንድ ብሎክ ራስጌ (ብሎኩን ከቀደመው ጋር የሚያያይዘው አጭር መግለጫ) 80 ባይት ነው፣ በየ10 ደቂቃው አንድ ብሎክ ይወጣል፣ ስለዚህ ራስጌዎቹ ብቻ በዓመት 4.2 ሜጋባይት ይሆናሉ። ዛሬ ሰንሰለቱ 900 ሺህ ብሎክ አልፏል፤ የራስጌዎቹ ጥሬ መጠን ግን ከ70 ሜጋባይት ብዙም አይርቅም። ኖዳችሁ ራስጌዎቹን አይጥልም። የሚጣለው ብሎኮቹ ውስጥ የነበረው የግብይት ዝርዝር ነው። ዛሬ የሚሠራበት መንገድ ሳቶሺ ካሰበው ትንሽ ይለያል። እሱ ያሰበው የተሰረዙትን ግብይቶች አንድ በአንድ መቁረጥ ነበር። ቢትኮይን ኮር ግን አሮጌውን ፋይል እንዳለ ይጥላል። ይህ በ2015 በ0.11 ስሪት ገባ፤ ከዋሌት (የገንዘባችሁን ቁልፎች ከሚይዘው ክፍል) ጋር አብሮ መሥራት የጀመረው በ2016 በ0.12 ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ፕሩኒንግ የሚቆጥበው ዲስክ እንጂ ኢንተርኔት አይደለም። ይህን ሳይረዳ ጀምሮ ፓኬጁን በሁለት ቀን የጨረሰ ሰው አውቃለሁ። ኖዱ ሁሉንም ማረጋገጥ ስላለበት ሁሉንም አንድ ጊዜ ያወርዳል። ከ600 ጊጋባይት በላይ ይገባል፣ ይፈተሻል፣ ከኋላው ይጣላል። ስለዚህ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት። ገደብ የሌለው የቤት ወይም የቢሮ መስመር ያስፈልጋችኋል። ውጭ አገር ያላችሁም ብትሆኑ ውላችሁ ላይ ወርሃዊ ጣሪያ እንዳለ ቀድማችሁ እዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በቀን 144 ያህል ብሎክ ይወጣል፤ ሁሉም ተደምሮ ከ200 እስከ 300 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ ገና ብሎክ ውስጥ ያልገቡ ግብይቶች የሚያመጡት ትራፊክ አለ። እሱን መቀነስ እንደሚቻል ወደታች እነግራችኋለሁ።

ዲስክ፦ ኤስኤስዲ ይሁን። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። «ቼይንስቴት» በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተዘለለ የሚነበብ ዳታ ነው። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲሠራ ቀናት የሚወስደው ሳምንታት ይሆናል። ቢያንስ 30 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑራችሁ፤ 50 ካለ ይመረጣል። የውጭ ኤስኤስዲም ይሠራል፣ ገመዱ ካልላላ። ማክ ያላችሁ ግን ዲስኩን በኤክስፋት ፎርማት አትጠቀሙበት፤ እዚያ ላይ ዳታ የመበላሸት ታሪክ አለው።

ራም፦ 4 ጊጋባይት ያስኬዳል፣ 8 ካለ ደግሞ ሥራው በደንብ ይፈጥናል።

መብራት፦ የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ የሠራሁት ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ነበር። ሰባ በመቶ አካባቢ ደርሼ መብራት ሄደ። መልሼ ስከፍት ዳታቤዙ ተበላሽቷል አለኝ። ሙሉ መዝገብ ያለው ሰው እንዲህ ሲገጥመው ዲስኩ ላይ ካሉት ብሎኮች መልሶ ይገነባል። ፕሩን ያደረገ ሰው ግን የሚገነባበት ብሎክ የለውም፣ ጥሎታል። ከዜሮ ማውረድ ነው። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ግን ምንም አይደለም፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ስለ ሕጉ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየትና መክፈል ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ኖድ አይሸጥም፣ አይገዛም፣ የሰው ገንዘብም አይዝም፤ ያዳምጣል፣ ይፈትሻል። እኔ የማስተምረውም ይህንኑ ብቻ ነው። ወደ ግብይት ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ የወቅቱን ሕግ ጠይቁ።

## ፕሮግራሙን አውርዱ፣ ከዚያ ፈትሹት

የሚወርደው ከቢትኮይን ኮር ድረ ገጽ ነው፤ አድራሻው ቢትኮይንኮር ነጥብ ኦርግ ነው። በቴሌግራም የተላከላችሁን ፋይል አትክፈቱ፣ የላከው ወንድማችሁ ቢሆንም።

ከፕሮግራሙ ጋር የአሻራዎች ዝርዝር የያዘ አጭር ፋይል አብሮ አለ። አሻራ ማለት ፋይሉ ሲሰላ የሚወጣ 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ አብሮ በሚመጣው «ሰርትዩቲል»፣ ሊኑክስ ላይ በ«ሻ256ሰም»፣ ማክ ላይ በ«ሻሰም» ያወረዳችሁትን አሰሉና ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩ። አንድ ካልሆነ ፋይሉን ሰርዙ።

ጂፒጂ የምታውቁ ሰዎች በዚህ አትቁሙ። የአሻራው ዝርዝር ራሱ ላይ የብዙ ሠሪዎች ፊርማ አለ፤ እሱንም አረጋግጡ። ድረ ገጹ ቢጠለፍ ፋይሉንም አሻራውንም አብሮ መቀየር ይቻላል። ፊርማውን ግን የሠሪዎቹ የግል ቁልፍ የሌለው ሰው ማስመሰል አይችልም።

## የመጀመሪያው መስኮት

ስትከፍቱት ዳታውን የት እንደሚያስቀምጥ ይጠይቃል። ኤስኤስዲው ላይ ያለ ፎልደር ምረጡ። ከሥሩ የመዝገቡን መጠን የምትገድቡበት ሳጥን አለ። ምልክት አድርጉበትና መጠኑን በጊጋባይት ሙሉ።

ስንት ይሁን? ዝቅተኛው 550 ሜጋባይት ነው። የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ኖዱ የመጨረሻዎቹን 288 ብሎኮች፣ ማለትም የሁለት ቀን ያህል፣ ምንጊዜም መያዝ አለበት። ግን ቦታ ካላችሁ እዚያ ድረስ አትውረዱ። የእኔ ምክር ከ10 እስከ 20 ጊጋባይት ነው። አንደኛ፣ ፋይል በተጣለ ቁጥር ራም ላይ ያለው ዳታ ወደ ዲስክ መጻፍ አለበት፤ ቶሎ ቶሎ መጣል ሥራውን ያዘገያል። ሁለተኛ፣ የቆየ የዋሌት ባክአፕ ለመመለስ የሚረዳችሁ ያልተጣለው መዝገብ ነው። መስኮቱ ራሱ የመረጣችሁት መጠን ስንት ቀን የቆየ ባክአፕ ለመመለስ እንደሚበቃ ይነግራችኋል።

ይህን በኋላ መቀነስ ትችላላችሁ። ወደ ሙሉ መዝገብ መመለስ ግን ሁሉንም እንደገና ማውረድ ነው።

ከዚያ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኦፕሽንስ» ግቡ። «ዳታቤዝ ካሽ» የሚል ቁጥር አለ፤ ብዙ ስሪቶች ላይ 450 ሜጋባይት ሆኖ ነው የሚመጣው። 8 ጊጋባይት ራም ካላችሁ ለዚህ ለመጀመሪያው ማውረድ ብቻ 2000 ወይም 3000 አድርጉት። ሲያልቅ ወደነበረበት መልሱት። መብራት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ግን አትጨምሩት፤ ራም ላይ ብዙ ያልተጻፈ ሥራ በተከማቸ ቁጥር ድንገት ሲጠፋ የሚባክነውም ይበዛል።

ዊንዶውስ ላይ ጸረ ቫይረሱ ይህን ፎልደር እንዳይነካ አድርጉ። በ2014 ሰዎች የአንድ አሮጌ ቫይረስ መለያ ኮድ ቢትኮይን መዝገብ ውስጥ አስገብተው ነበር። ቫይረሱ እዚያ ሆኖ ምንም አያደርግም፤ ጸረ ቫይረሶች ግን ፋይሉን እየያዙ አስቸገሩ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ዳታውን ቀላቅሎ ማስቀመጥ ጀምሯል። ቢሆንም ጸረ ቫይረሱ እያንዳንዱን ፋይል ሲፈትሽ ፍጥነቱን ይበላዋል።

## በሚያወርድበት ጊዜ ምን እየሠራ ነው

መጀመሪያ ራስጌዎቹን ብቻ ይሰበስባል፤ ፈጣን ነው። ከዚያ ብሎኮቹን ከብዙ ኖዶች በትንሽ በትንሹ ያመጣል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብሎኮች ትንንሽ ስለሆኑ በቶሎ ያልፋሉ። ወደ ቅርብ ዓመታት ሲደርስ ይከብዳል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ።

እያንዳንዱ ብሎክ ሲመጣ ይፈተሻል። ማይነሩ፣ ማለትም ብሎኩን ያወጣው፣ የሚፈለገውን ያህል የስሌት ሥራ ሠርቷል? ካለፈው ብሎክ ጋር በትክክል ተያይዟል? ውስጡ ያሉት ግብይቶች ራስጌው ላይ ካለው አሻራ ጋር ይገጥማሉ? እያንዳንዱ ግብይት የሚያወጣው ገንዘብ ያልተሰረዙት ውስጥ አለ? የወጣው ከገባው አይበልጥም? ፊርማው የባለቤቱ ነው? ማይነሩ ለራሱ የጻፈው ሽልማት ከተፈቀደው አላለፈም? ከኤፕሪል 2024 ወዲህ የተፈቀደው 3.125 ቢትኮይን ሲደመር የብሎኩ የአገልግሎት ክፍያዎች ነው። ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ ኖዳችሁ ብሎኩን ይጥለዋል። ማንንም አይጠይቅም።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ታሪኩ ያሳያል። ኦገስት 15 ቀን 2010 በብሎክ 74,638 ውስጥ አንድ ግብይት ከ184 ቢሊዮን በላይ ቢትኮይን ፈጠረ። መቼም ከ21 ሚሊዮን ማለፍ የለበትም። የቁጥር ድምር ስህተት ነበር፤ ፕሮግራሙ ትልልቆቹን ቁጥሮች ሲደምር ሞልቶ ፈሰሰበት። በሰዓታት ውስጥ የተስተካከለ ስሪት ወጣ፣ ሰዎች ጫኑት፣ ትክክለኛው ሰንሰለት በብሎክ 74,691 ላይ ስህተተኛውን ቀደመው። ያንን ገንዘብ የሰረዙት ያን ስሪት ያስኬዱ ኖዶች ናቸው።

ሁለተኛው ጁላይ 4 ቀን 2015 ነው። አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። አንድ ማይነር ሕጉን የማያሟላ ብሎክ አወጣ። ትልልቅ ማይነሮች ፍጥነት ፈልገው ሳይፈትሹ በላዩ ላይ መገንባት ቀጠሉ። ስድስት ብሎክ ድረስ ሄደ። በዚያ ሰዓት ሙሉ ኖድ የነበረው ሰው ምንም አልገጠመውም፤ ኖዱ የመጀመሪያውን ብሎክ ጥሎ ትክክለኛውን ይዞ ቀጠለ። ማይነሮቹን አምኖ የሚከተል ቀላል ዋሌት የያዘ ሰው ግን «ስድስት ማረጋገጫ» (ግብይቱ ያለበትና በላዩ የተደረቡት ብሎኮች ብዛት) አይቶ ሊታለል ይችል ነበር።

ርካሽ የውሃ ኃይል ፈልገው ብዙ ማይነሮች ኢትዮጵያ መጥተዋል። እነሱ ብሎክ ያወጣሉ። ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚፈርደው ግን ኖድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አንድ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። አገራችን ውስጥ ይህ ክፍል ቢበዛ ደስ ይለኛል።

ስለ ፊርማ ፍተሻ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ከ2017ቱ 0.14 ስሪት ጀምሮ ቢትኮይን ኮር «አሱምቫሊድ» የሚባል ነገር አለው። ፕሮግራሙ ውስጥ የአንድ የታወቀ ብሎክ አሻራ ተጽፏል፤ ከዚያ በፊት ያሉት ብሎኮች ፊርማ ሲወርዱ አይፈተሽም። የሥራው መጠን፣ የገንዘቡ ድምር፣ ሁለት ጊዜ አለመውጣቱ ግን ሁሉም ይፈተሻል። ለአብዛኛው ሰው ይህ በቂ ነው። ሁሉንም ልፈትሽ የምትሉ ደግሞ «ኦፕሽንስ» ውስጥ የማስተካከያ ፋይሉን የሚከፍት ቁልፍ አለ፤ «አሱምቫሊድ» ብላችሁ እኩል ይሆናል ምልክትና ዜሮ ጻፉ፣ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ፕሮሰሰሩ ብዙ ይሠራል፣ ቀኑም ይረዝማል። እኔ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ሲያልቅ ያለው ስሜት ሌላ ነው።

«ዳታውን ከጓደኛዬ ኮፒ ላድርግ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ቴክኒኩ ይሠራል። ሁለቱም ፎልደሮች አብረው፣ ፕሮግራሙ ተዘግቶ እያለ ከተገለበጡ ኖዱ ይነሳል። ግን ደብተሩን የገለበጠው ጓደኛችሁ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። የራሳችሁን ላፕቶፕ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቤት ወስዳችሁ እዚያ ብታወርዱ ይሻላል። ከ28 ስሪት ጀምሮ ሌላ መንገድም አለ። በብሎክ 840,000 ላይ ያለውን ያልተሰረዙ መስመሮች ቅጂ ጭናችሁ ቶሎ መጀመር ትችላላችሁ። የቅጂው አሻራ ፕሮግራሙ ውስጥ ስላለ የተነካካ ቅጂ አይቀበልም፤ ከኋላ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማረጋገጡን ይቀጥላል። ጊዜ ይቆጥባል፣ ኢንተርኔት አይቆጥብም።

## ሲያልቅ ራሳችሁ ጠይቁት

«ዊንዶው» ከሚለው ዝርዝር «ኮንሶል» ክፈቱ። እዚያ ላይ ማስጠንቀቂያ ታያላችሁ፤ አጭበርባሪዎች ሰዎችን እዚህ ትእዛዝ እያስጻፉ ዋሌት ይሰርቃሉ። እውነት ነው። የማታውቁትን ትእዛዝ ማንም ቢነግራችሁ አትጻፉ። ከታች ያሉት ለመጠየቅ ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች ስትጽፉ ኮንሶሉ ራሱ የቀረውን ይጠቁማችኋል።

«ጌትብሎክቼይንኢንፎ» በሉ። የብሎኮችና የራስጌዎች ቁጥር እኩል ከሆነ ደርሳችኋል። «ፕሩንድ» የሚለው «ትሩ» ማለት አለበት። «ፕሩንሃይት» ዲስካችሁ ላይ ከቀሩት ብሎኮች በጣም አሮጌ የሆነውን ቁጥር ይነግራችኋል። የያዘውን ቦታም እዚያው ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ ያለው የምወደው ነው። «ጌትቲኤክስአውትሴትኢንፎ»። ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል፤ በዓለም ላይ ያልተሰረዘውን መስመር ሁሉ እየደመረ ነው። መስመሮቹ ከ150 ሚሊዮን በላይ ናቸው። መጨረሻ ላይ ያለውን ጠቅላላ ቢትኮይን ይሰጣችኋል፤ ከ19 ሚሊዮን ተኩል በላይ፣ ከ21 ሚሊዮን በታች። በወረቀት ብታሰሉት ከሚመጣው ቁጥር ትንሽ ያንሳል። የመጀመሪያው ብሎክ 50 ቢትኮይን እዚህ ዝርዝር ውስጥ ስለማይገባና አንዳንድ ማይነሮች የሚገባቸውን ሙሉ ስላልወሰዱ ነው።

መልሱ ውስጥ የዝርዝሩ ሁሉ አሻራ አለ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ኖድ ያለው ዘመድ ካላችሁ ደውሉለት። በተመሳሳይ ሰዓት አስነሱትና የመጨረሻው ብሎክ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ አሻራውን አስተያዩ። እኔና የአጎቴ ልጅ በስልክ ፊደል በፊደል አንብበን አስተያየነው። የእሱ ሙሉ መዝገብ ነው፣ የእኔ 15 ጊጋባይት። አሻራው አንድ ነበር።

## የየቀኑ አያያዝ

ስትዘጉ በምናሌው ዝጉ። «እየዘጋሁ ነው፣ ይህ መስኮት እስኪጠፋ ኮምፒውተሩን አታጥፉ» የሚል መስኮት ይመጣል። አንዳንዴ ደቂቃ ይፈጃል። ጠብቁት። የውጭ ዲስክ ከሆነ ከዚያ በፊት አትንቀሉት።

ኢንተርኔት ለመቆጠብ ማስተካከያ ፋይሉ ላይ «ብሎክስኦንሊ» እኩል ይሆናል 1 አድርጉ። ኖዱ ብሎክ ውስጥ የገቡትን ብቻ ይቀበላል። ከራሳችሁ ኖድ ገንዘብ የምትልኩ ከሆነ ግን አታድርጉት፤ የክፍያ ግምቱ ይበላሻል፣ ግላዊነታችሁም ይቀንሳል። ፕሩን ያደረገ ኖድ ለሌሎች የሚያቀርበው የመጨረሻዎቹን 288 ብሎኮች ብቻ ስለሆነ ወደ ውጭ የሚላከው ብዙ አይደለም።

አሮጌ ብሎክ ብትጠይቁት ተጥሏል ይላችኋል። ችግር አይደለም። ራስጌው አለ፣ ሲመጣም ተፈትሿል። የአድራሻ ታሪክ መፈለጊያ ለመሥራት ወይም ማንኛውንም አሮጌ ግብይት በቁጥሩ ለማውጣት ከፈለጋችሁ ግን ፕሩኒንግ አይሆናችሁም፤ የግብይት ማውጫው ከሱ ጋር አብሮ አይሠራም። ለዚያ ሙሉ መዝገብ ያስፈልጋል። ጥሬ ብሎኮቹን በርካሽ ሃርድ ዲስክ፣ «ቼይንስቴት»ን በኤስኤስዲ አድርጎ መክፈል ይቻላል፤ «ብሎክስዲር» የሚባለው ማስተካከያ ለዚህ ነው።

ዋሌት ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ኖዱ እየሠራ ዋሌቱ ካልተጫነ፣ በመካከል የመጡት ብሎኮች ሳያያቸው ይጣላሉ። በኋላ ስትጭኑት አልቀበልም ይላል፤ መፍትሔውም ሁሉንም ማውረድ ነው። ስለዚህ ዋሌቱ ሁልጊዜ ተጭኖ ይቆይ፣ ወይም ኖዱ ከያዘው የቀናት ብዛት በፊት ክፈቱት። የቆየ ዋሌት ካላችሁ ደግሞ ማውረዱን ከመጀመራችሁ በፊት ጫኑት፤ ብሎኮቹ ሲያልፉ አብሮ ያያቸዋል።

አዲስ ስሪት ሲወጣ አትዘግዩ። በሴፕቴምበር 2018 የወጣው 0.16.3 አንድን ገንዘብ በአንድ ግብይት ውስጥ ሁለት ጊዜ ማውጣት የሚያስችል ስህተት ዘግቷል። ያ ስህተት ብሎክ አረጋጋጩ ውስጥ ነበር። አሮጌ ስሪት ይዞ መቀመጥ የተሳሳተ ሚዛን ይዞ መመዘን ነው። ስታድሱ ዳታው አይነካም፤ ፕሮግራሙን ዝጉ፣ አዲሱን እንደ መጀመሪያው ፈትሹት፣ ከላዩ ጫኑት።

ለበዓል ክፍለ አገር ሄዳችሁ ወይም ሥራ በዝቶ ሁለት ወር ኖዱን ብትዘጉት የሚጠፋ ነገር የለም። ስትከፍቱት መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ስድስት ብሎኮች ደግሞ ይፈትሻል። ከዚያ ሙሉ መዝገብ ካላቸው ኖዶች የጎደለውን 15 ጊጋባይት ያህል ያመጣል፣ አንድ በአንድ ያረጋግጣል፣ ከኋላው አሮጌውን ይጥላል። ፓኬጃችሁን አይታችሁ ማታ ክፈቱትና ይደር።